የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ምስል ለምን ይንቀጠቀጣል?

በ1990ዎቹ አጋማሽ የወጡ የፕሌይስቴሽን ጌሞችን ዛሬ በሰፊ ስክሪን ከፍቶ የሚመለከት ሰው ሁለት ነገር ወዲያው ያስተውላል። ካሜራው ቀስ ብሎ ሲንቀሳቀስ የግድግዳው ጠርዝና የወለሉ መገጣጠሚያ ባሉበት አይረጉም፤ ትንንሽ ዝላይ እየዘለሉ ይንቀጠቀጣሉ። ካሜራው ወደ ግድግዳ ሲጠጋ ደግሞ ቀጥ ብሎ መታየት የነበረበት የጡብ መስመር መሃል ላይ ተሰብሮ ይጣመማል። በሰፈር ፕሌይስቴሽን ቤት ተራ ጠብቆ የተጫወተ ሁሉ ይህን አይቶታል፤ ስሙን ግን ላያውቀው ይችላል። ብዙ ጊዜ ምክንያት ተደርጎ የሚጠቀሰው ማሽኑ አሮጌ መሆኑ ወይም የምስሉ ጥራት ዝቅተኛ መሆኑ ነው። ይህ ግን አያስኬድም፤ በዚያው ዘመን የወጣው ኒንቴንዶ 64 የሚያሳየው ምስልም ከዚያ ብዙም የማይበልጥ ፒክስል ነበረው፤ ግድግዳዎቹ ግን አይጣመሙም።

ትክክለኛው ምክንያት በማሽኑ ውስጥ በሁለት ቺፖች መካከል በሚተላለፍ መልእክት ላይ የተወሰነ ውሳኔ ነው። ፕሌይስቴሽን እያንዳንዱ ነጥብ ከካሜራው ምን ያህል እንደሚርቅ ያሰላል፤ ስሌቱን ጨርሶ ሥራውን ለሣዩ ቺፕ ሲያስረክብ ግን የርቀቱን ቁጥር ይጥለዋል። ከነጥቡ አቀማመጥ ላይም ክፍልፋዩን ቆርጦ ሙሉ ቁጥሩን ብቻ ይልካል። በምስሉ ላይ የምናየው መጣመም፣ መንቀጥቀጥና አንዳንዴም የአካል ክፍል ድንገት መጥፋት የሚመጣው ከእነዚህ ሁለት ቅነሳዎች ነው። እኔ ይህን ውሳኔ እንደ ስህተት አላየውም፤ ለምን እንደማላየው ለማስረዳት ግን በመጀመሪያ ምስሉ እንዴት እንደሚሠራ ማየት ያስፈልጋል።

ባለ ሦስት አውታር፣ በተለምዶ ስሪዲ የሚባለው፣ የጌም ዓለም በአብዛኛው ከሦስት ማዕዘኖች የተገጣጠመ ነው። የአንድ ሦስት ማዕዘን እያንዳንዱ ጫፍ ሦስት ቁጥሮች አሉት፤ አንዱ ወደ ጎን፣ አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ደግሞ ወደ ውስጥ ያለውን ርቀት ይነግራል። ተጫዋቹ ጆይስቲኩን ሲነካ ካሜራው ይንቀሳቀሳል፤ ካሜራው ሲንቀሳቀስ ደግሞ የሁሉም ጫፎች ቦታ ከካሜራው አንጻር እንደ አዲስ መሰላት አለበት። ይህ በማትሪክስ ማባዛት የሚሠራ ነው። ቀጥሎ የጎኑና የከፍታው ቁጥሮች በጥልቀቱ ቁጥር ይካፈላሉ። ሩቅ ያለ ነገር አንሶ፣ ቅርብ ያለ ነገር ገዝፎ የሚታየው በዚህ ማካፈል ምክንያት ነው። ከዚህ በኋላ ጫፎቹ በጠፍጣፋው ስክሪን ላይ የት እንደሚያርፉ ስለታወቀ የሚቀረው በመካከላቸው ያሉትን ፒክስሎች አንድ በአንድ መሙላት ነው። አሞላሉ በአንድ ቀለም ሊሆን ይችላል፤ ወይም ቴክስቸር የሚባለውን፣ ለምሳሌ የጡብ ወይም የእንጨት ፎቶ የመሰለ ጠፍጣፋ ምስል፣ በሦስት ማዕዘኑ ላይ በመለጠፍ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው የሥራው መጠን ነው። አንድ ሦስት ማዕዘን ጫፎቹ ሦስት ብቻ ናቸው፤ የሚሸፍናቸው ፒክስሎች ግን ከካሜራው አጠገብ ሲሆን በሺዎች ሊቆጠሩ ይችላሉ። ስለዚህ በጫፍ ላይ የሚደረግ ስሌት ርካሽ ነው፤ በፒክስል ላይ የሚደረግ ስሌት ውድ ነው። የዚያ ዘመን የግራፊክስ መሐንዲሶች ትልቁ ጥያቄ የትኛውን ሥራ ከፒክስል ላይ አንስተን ወደ ጫፍ እንውሰደው የሚል ነበር።

ፕሌይስቴሽን በጃፓን ለገበያ የቀረበው በታኅሣሥ 3 ቀን 1994 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። የፕሮጀክቱ መሪ የሶኒው መሐንዲስ ኬን ኩታራጊ ነበር። ማሽኑ በሰከንድ 33.87 ሚሊዮን ምት የሚመታ ባለ 32 ቢት ፕሮሰሰር፣ 2 ሜጋባይት ዋና ራም እና ለምስል ብቻ የተመደበ 1 ሜጋባይት ራም ነበረው። ፕሮሰሰሩ የአሥርዮሽ ቁጥሮችን የሚያሰላ ክፍል አልነበረውም። በምትኩ እዚያው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ጂቲኢ የሚባል ረዳት አሃድ ተገጥሞለት ነበር፤ ሥራውም ከላይ የተገለጸውን የማትሪክስ ብዜትና በጥልቀት ማካፈል በሙሉ ቁጥር ሒሳብ በፍጥነት መሥራት ነው። ጂቲኢ የአንድን ሦስት ማዕዘን ሦስቱንም ጫፎች በአንድ ትእዛዝ ተቀብሎ በ23 ምት ውስጥ የስክሪን ቦታቸውን ያወጣል። ለ1994 የቤት ውስጥ ማሽን ይህ እጅግ ከፍተኛ ፍጥነት ነበር፤ በዚያን ጊዜ የነበሩት አብዛኞቹ የግል ኮምፒውተሮች እንዲህ ዓይነት አጋዥ አልነበራቸውም።

ምስሉን የሚሥለው ሌላ ቺፕ ነው፤ ሶኒ ጂፒዩ ብሎ ሰይሞታል። ይህ ቺፕ የሚቀበለው ትእዛዝ ይዘቱ በጣም አጭር ነው። ለእያንዳንዱ ጫፍ በስክሪኑ ላይ ያለውን የጎንና የከፍታ ቦታ፣ የጫፉን ቀለም፣ ከቴክስቸሩ የትኛው ነጥብ እዚያ ጫፍ ላይ እንደሚያርፍ ይነግሩታል። በዚያ መልእክት ውስጥ ጥልቀት የሚጻፍበት ቦታ የለም። ጂቲኢ ጥልቀቱን አስልቶ በራሱ መዝገብ ውስጥ ይዞታል፤ ፕሮግራመሩ ሊያነበው ይችላል፤ ለጂፒዩ ግን የሚያስተላልፍበት መንገድ የለውም። በመሆኑም ጂፒዩ ስለ ሦስተኛው አውታር ምንም አያውቅም፤ ለእሱ ዓለሙ ሁሉ በጠፍጣፋ ወረቀት ላይ የተዘረጋ የሦስት ማዕዘን ክምር ነው።

የዚህ ውጤት በጉልህ የሚታየው በቴክስቸር ላይ ነው። ከፊት ለፊታችን 3 ሜትር ርዝመት ያለው የወለል ንጣፍ ተዘርግቷል እንበል። የቅርቡ ጫፍ ከካሜራው 1 ሜትር፣ የሩቁ ጫፍ 4 ሜትር ይርቃል። በንጣፉ ላይ እያንዳንዳቸው 30 ሳንቲ ሜትር የሆኑ 10 ሸክላዎች በተርታ ተደርድረዋል። አሁን በስክሪኑ ላይ ከንጣፉ የታች ጠርዝ እስከ ላይኛው ጠርዝ ያለውን ርቀት ለሁለት እንክፈልና በመሃሉ ፒክስል ላይ የስንተኛው ሸክላ ጠርዝ መታየት እንዳለበት እንጠይቅ። ጂፒዩ የሚያውቀው ከታች ሸክላ ቁጥር ዜሮ፣ ከላይ ሸክላ ቁጥር አሥር መሆኑን ብቻ ስለሆነ መሃሉ ላይ አምስተኛው ሸክላ ይጨርሳል ብሎ ይሥላል። በእውነቱ ዓለም ግን በስክሪኑ ላይ እኩል የሚጨምረው ወይም የሚቀንሰው ጥልቀቱ ራሱ ሳይሆን አንድ ለጥልቀቱ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው። በቅርቡ ጠርዝ ይህ ቁጥር 1 ነው፤ በሩቁ ጠርዝ 0.25 ነው፤ መሃሉ 0.625 ይሆናል። አንድ ለ0.625 ሲካፈል 1.6 ሜትር ይመጣል። ስለዚህ የስክሪኑ መሃል ከካሜራው 1.6 ሜትር የሚርቀውን የወለል ክፍል ያሳያል ማለት ነው፤ ያ ደግሞ ከንጣፉ መጀመሪያ 60 ሳንቲ ሜትር ላይ፣ ማለትም ሁለተኛው ሸክላ የሚያልቅበት ቦታ ነው። ጂፒዩው አምስተኛውን ሸክላ በሁለተኛው ቦታ አስቀመጠው። የሦስት ሸክላ ስህተት ነው።

ስህተቱ በዚህ ብቻ ቢያበቃ ወለሉ የተለየ አሠራር ያለው መስሎ ይታለፍ ነበር። ነገር ግን ጂፒዩው አራት ማዕዘን ሲሰጠውም እንደ ሁለት ሦስት ማዕዘን አድርጎ ነው የሚሥለው፤ እያንዳንዱ ሦስት ማዕዘን ደግሞ የራሱን ሦስት ጫፎች ብቻ ተመልክቶ ስለሚሞላ የሁለቱ ስህተት በመጠንም በአቅጣጫም ይለያያል። በመሆኑም ቀጥ ያለው የሸክላ መስመር ሁለቱ ሦስት ማዕዘኖች በሚገናኙበት ሰያፍ ላይ ሲደርስ ይሰበራል። ካሜራው ሲዞር የጫፎቹ ጥልቀት ስለሚለዋወጥ ስብራቱም አብሮ ይለዋወጣል፤ ወለሉ የሚፈስ የሚመስለው ለዚህ ነው። ፊት ለፊት የቆመ ግድግዳ ግን ጫፎቹ በሙሉ እኩል ጥልቀት ስላላቸው ምንም አይጣመምም፤ ካሜራቸው ከጎን በሚቆም የድብድብ ጌሞች ላይ ችግሩ ብዙ የማይታየውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ታዲያ ማካፈሉን በየፒክስሉ ለምን አልሠሩትም? ስሌቱን ብናደርገው መልሱ ግልጽ ይሆናል። በስፋት ከሚሠራባቸው የምስል መጠኖች አንዱ በአግድም 320፣ በቁመት 240 ፒክስል ነው፤ በድምሩ 76,800 ፒክስል። በሰከንድ 30 ምስል ቢሣል፣ እያንዳንዱ ፒክስልም አንድ ጊዜ ብቻ ቢሞላ፣ 2.3 ሚሊዮን ፒክስል ይሆናል። የፕሌይስቴሽን ፕሮሰሰር አንድ ማካፈል ለመጨረስ ወደ 36 ምት ይወስድበታል። 2.3 ሚሊዮን በ36 ሲባዛ ወደ 83 ሚሊዮን ምት ይመጣል፤ ፕሮሰሰሩ በሰከንድ ያለው ግን 34 ሚሊዮን እንኳ አይሞላም። በጂፒዩው ውስጥ ለዚህ ብቻ የሚሆን ፈጣን የማካፈያ ሰርኪዩት መገንባት ይቻል ነበር፤ ነገር ግን እንዲህ ያለ ሰርኪዩት የቺፑን ስፋት ይጨምራል፣ የቺፑ ስፋት ደግሞ ዋጋውን ይጨምራል። ፕሌይስቴሽን በ1995 አሜሪካ ሲገባ የተሸጠው በ299 ዶላር ነበር፤ ተፎካካሪው ሴጋ ሳተርን 399 ዶላር ነበር። የመቶ ዶላሩ ልዩነት በገበያው ላይ ፕሌይስቴሽንን ጠቅሞታል።

በኮምፒውተር በኩል የነበሩ ፕሮግራመሮችም ከዚሁ ማካፈል ጋር ይታገሉ ነበር። በ1993 የወጣው ዱም የተባለው የኮምፒውተር ጌም ግድግዳዎቹን ከላይ ወደ ታች በቀጫጭን ዓምድ፣ ወለሉን ደግሞ በአግድም መስመር ይሥል ነበር፤ በአንድ ዓምድ ወይም በአንድ መስመር ላይ ያሉ ፒክስሎች ሁሉ እኩል ጥልቀት ስላላቸው አንድ ማካፈል ለሙሉው መስመር ይበቃል። ዋጋው ግን በጌሙ ውስጥ ተዳፋት ወለልም ሆነ ዘመም ያለ ግድግዳ አለመኖሩ ነው። በ1996 የወጣው ኩዌክ የተባለው ጌም በየ16 ፒክስሉ አንድ ጊዜ እያካፈለ በመካከሉ ያሉትን በግምት ይሞላ ነበር። የፔንቲየም ፕሮሰሰር የአሥርዮሽ ክፍሉ ቀጣዩን ማካፈል እያካሄደ ሌላው ክፍል ፒክስሎቹን ጎን ለጎን እንዲስል ስለሚያስችል ማካፈሉ ያለ ተጨማሪ ጊዜ የሚገኝ ያህል ነበር። እኔ በዚያ ዘመን ከተሠሩት ሁሉ ይህን ዘዴ አደንቃለሁ፤ ነገር ግን የአሥርዮሽ ክፍል የሌለው ፕሌይስቴሽን ሊከተለው የሚችለው መንገድ አልነበረም።

መንቀጥቀጡ የተለየ ምክንያት አለው። ጂቲኢ የጫፉን የስክሪን ቦታ ሲያወጣ ክፍልፋዩን ቆርጦ በሙሉ ፒክስል ነው የሚሰጠው። አንድ ጫፍ በትክክለኛው ስሌት በ100.9ኛው ፒክስል ላይ ማረፍ ቢኖርበት 100 ላይ ይቀመጣል፤ ካሜራው ትንሽ ተንቀሳቅሶ ቦታው 101.1 ሲሆን በአንድ ጊዜ ወደ 101 ይዘላል። ጫፎቹ ሁሉ በአንድነት ቢዘሉ ዓይን ላያስተውለው ይችል ነበር። ነገር ግን እያንዳንዱ ጫፍ የሚዘልበት ቅጽበት የራሱ ነው፤ የሳጥኑ የግራ ማዕዘን ዘልሎ የቀኙ ገና ሳይዘል ይቀራል፣ ከዚያ የቀኙ ይከተላል፣ ሳጥኑም በእያንዳንዱ ምስል ቅርጹን በጥቂቱ እየለወጠ ይርገበገባል። እንቅስቃሴው ቀርፋፋ በሆነ ቁጥር ጉዳዩ ይበልጥ ይታያል፤ በሩጫ የሚያልፍ መኪና ላይ ግን ማንም አያየውም።

ሦስተኛው ጉዳይ የትኛው ነገር ከየትኛው ፊት እንደሚታይ መወሰን ነው። ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ ፕሌይስቴሽን ከመሠራቱ 20 ዓመት በፊት ነበረ። ኤድዊን ካትመል በ1974 በዩታ ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ ዜድ በፈር የሚባለውን ዘዴ ገልጿል፤ ለእያንዳንዱ ፒክስል ቀለሙን ብቻ ሳይሆን ጥልቀቱንም በራም መዝግቦ፣ አዲስ ፒክስል ሲመጣ ከተመዘገበው የቀረበ ከሆነ መተካት፣ የራቀ ከሆነ መተው። በዚያው ጽሑፍ ውስጥ ቴክስቸር የመለጠፍ ዘዴም አለ። ፕሌይስቴሽን ከአንድ ጽሑፍ የወጡትን ሁለት ሐሳቦች አንዱን ወስዶ ሌላውን ተወው ማለት ነው።

የተወበት ምክንያት ራም ነው። በ320 በ240 መጠን አንድ ምስል በ16 ቢት ቀለም 153,600 ባይት ይይዛል። አንዱ እየታየ ሌላው ስለሚሣል ሁለት ምስሎች ያስፈልጋሉ፤ ይህም ከ1 ሜጋባይቱ 307,200 ባይት ይወስዳል። ቀሪው ወደ 741,000 ባይት የሚሆነው ለቴክስቸሮች ነው። በዚያ ላይ ለጥልቀት መመዝገቢያ ሌላ 153,600 ባይት ቢጨመር ለቴክስቸር የቀረው ቦታ አንድ አምስተኛው ይሄዳል። ከቦታው ይልቅ የሚከብደው ግን የትራፊኩ ብዛት ነው፤ ለእያንዳንዱ ፒክስል የድሮውን ጥልቀት ማንበብ፣ ማወዳደርና አዲሱን መጻፍ ስላለበት ራሙ የሚስተናገድበት ጊዜ በእጅጉ ይጨምራል።

በዜድ በፈር ፈንታ ጌሞቹ የተጠቀሙት የሠዓሊን ዘዴ ነው። ሠዓሊ መጀመሪያ ሰማዩንና ተራራውን ይሥላል፣ በላያቸው ዛፉን፣ በዛፉም ላይ ፊት ለፊት የቆመውን ሰው፤ የቅርቡ የሩቁን ስለሚሸፍነው ማወዳደር አያስፈልገውም። በፕሌይስቴሽን ይህ የሚሠራው በአንድ የቅደም ተከተል ሰንጠረዥ ነው። ጂቲኢ የሦስት ማዕዘኑን ጫፎች አማካይ ጥልቀት የሚያወጣበት ልዩ ትእዛዝ አለው፤ ፕሮግራሙ ያንን አማካይ ተመልክቶ ሦስት ማዕዘኑን በሰንጠረዡ ተገቢ ረድፍ ላይ ይሰካዋል። በአንድ ረድፍ ላይ ብዙ ሦስት ማዕዘን ከመጣ እርስ በርስ እንደ ሰንሰለት ይያያዛሉ። ሁሉም ተሰክተው ሲያልቁ ሰንጠረዡ ከሩቁ ረድፍ ጀምሮ በቀጥታ ወደ ጂፒዩ ይፈሳል፤ ፕሮሰሰሩም ያንን ሳይጠብቅ የሚቀጥለውን ምስል ሰንጠረዥ መሙላት ይጀምራል። እንደ ተራ የመደርደር ሥራ አንዱን ከሌላው ማወዳደር ስለሌለበት በጣም ፈጣን ነው። ጥልቀቱ ከመጣሉ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ የሚያገለግለውም እዚህ ላይ ነው።

የሠዓሊው ዘዴ ግን ሦስት ማዕዘኑን እንደ አንድ ነጥብ ስለሚቆጥረው ይሳሳታል። ረጅም የወለል ሦስት ማዕዘን አማካይ ጥልቀቱ መሃሉ ላይ ነው። በቅርብ ጫፉ ላይ የቆመ ገጸ ባሕሪ ከአማካዩ ይቀድማልና በትክክል ይታያል፤ በሩቅ ጫፉ ላይ ሲደርስ ግን የእግሩ ጥልቀት ከወለሉ አማካይ ይበልጣል፤ መጀመሪያ እግሩ ይሣላል፣ ከዚያ ወለሉ በላዩ ይመጣበታል። እግር ድንገት መሬት ውስጥ የሚሰምጠው በዚህ ነው። ሁለት ሦስት ማዕዘኖች እርስ በርስ ቢቋረጡም ዘዴው ግማሹን ከፊት ግማሹን ከኋላ ማድረግ አይችልም፤ አንዱ ሌላውን ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል፣ ካሜራው ትንሽ ሲዞር ደግሞ ተራው ይገለበጣል።

ጌም ሠሪዎቹ እነዚህን ጉድለቶች በሚገባ ያውቋቸው ስለነበር አብዛኛው ብልሃታቸው በእነሱ ዙሪያ ነው። ዋናው መፍትሔ ትልልቅ ሦስት ማዕዘኖችን መከፋፈል ነበር። ከላይ ያየነው ባለ 10 ሸክላ ንጣፍ ከመሃሉ፣ ማለትም ከካሜራው 2.5 ሜትር ላይ፣ ለሁለት ቢከፈል የቅርቡ ግማሽ ከ1 እስከ 2.5 ሜትር ይሆናል፤ በዚህ ግማሽ መሃል ላይ ያለው ስህተት ከሦስት ሸክላ ወደ አንድ ሸክላ ገደማ ይወርዳል። እንደገና ቢከፈል ይበልጥ ይቀንሳል። ለዚህ ነው ብዙ ጌሞች ካሜራው ሲቀርብ ብቻ ወለሉን በራሳቸው የሚከፋፍሉት፤ ስህተቱ የሚጎላው በቅርብ ስለሆነ ሩቁን መከፋፈል ማባከን ነው። መከፋፈል የሠዓሊውን ዘዴም ይረዳል፣ ትንሽ ሦስት ማዕዘን ለአማካዩ የቀረበ ነውና። ዋጋው የጫፎቹ ቁጥር መብዛት ነው፤ ለጂቲኢ ግን ጫፍ መብዛቱ ያን ያህል አያስቸግረውም። የማሽኑ ንድፍ ተገጣጥሞ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። የጫፍ ስሌት ርካሽ፣ የፒክስል ስሌት አነስተኛ እንዲሆን ተደርጎ ስለተሠራ የፒክስሉን ጉድለት ብዙ ጫፍ በመጨመር መሙላት ይቻላል።

ከዚህ በላይ የሄደው በ1996 የወጣው ክራሽ ባንዲኩት የተባለው ጌም ይመስለኛል። ጌሙን የሠራው የኖቲ ዶግ ኩባንያ ሠራተኞች ካሜራውን አስቀድሞ በተወሰነ መንገድ ላይ ብቻ እንዲሄድ አደረጉ። ካሜራው የት የት እንደሚደርስ ስለታወቀ በእያንዳንዱ ቦታ ላይ የትኛው ሦስት ማዕዘን እንደሚታይና በምን ቅደም ተከተል መሣል እንዳለበት ሲሊከን ግራፊክስ በሚባለው ኩባንያ ኮምፒውተሮች ላይ አስቀድመው አሰሉት፤ ውጤቱን አጭቀው በሲዲው ላይ ጻፉት። ማሽኑ ጌሙ ሲካሄድ የመድረኩን ሦስት ማዕዘኖች መደርደር አላስፈለገውም። የክራሽ አካል ደግሞ ከ512 ቅርጾች የተሠራ ሲሆን ከጀርባው ነጠብጣብና ከጫማ ክሩ በቀር ቴክስቸር የለበትም፤ በጫፎቹ ቀለም ብቻ የተሞላ ነው። ቴክስቸር የሌለው ነገር የሚጣመም መስመር የለውም፤ ለጂፒዩም መሣሉ ይቀላል። የገጸ ባሕሪው ንጹሕና ካርቱን መሰል መልክ ከቺፑ ጠባይ የመነጨ ነው ማለት ነው።

ኒንቴንዶ 64 በጃፓን ሰኔ 23 ቀን 1996 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሲወጣ ተቃራኒውን ምርጫ ይዞ መጣ። የግራፊክስ ቺፑን የሠራው ውድ የምስል ኮምፒውተሮችን በመሥራት የሚታወቀው ሲሊከን ግራፊክስ ሲሆን ጥልቀቱን እስከ መጨረሻው ፒክስል ድረስ ይዞ ይሄዳል፤ ቴክስቸሩን በየፒክስሉ በትክክል ያካፍላል፣ ዜድ በፈር አለው፣ ጫፎቹንም ከፒክስል በታች ባለ ክፍልፋይ ይይዛል። ግድግዳዎቹ የማይጣመሙት ለዚህ ነው። ነገር ግን ምስሉም፣ ዜድ በፈሩም፣ ፕሮግራሙም፣ ድምፁም የሚጋሩት አንድ 4 ሜጋባይት ራም ነበር፤ ሁሉም በአንድ በር ስለሚገቡ ይጠባበቃሉ፣ የብዙ ጌሞች ምስልም ይዘገያል። አንዳንድ ፕሮግራመሮች ፍጥነት ለማግኘት ዜድ በፈሩን አጥፍተው ቅደም ተከተሉን ራሳቸው ያወጡ ነበር። ቴክስቸር በሚሣልበት ጊዜ የሚቀመጥበት ውስጣዊ ቦታ ደግሞ 4 ኪሎባይት ብቻ ነው፤ በ16 ቢት ቀለም 32 በ64 ፒክስል ያህል ምስል ይሞላዋል። ያ ትንሽ ምስል በሰፊ ግድግዳ ላይ ተዘርግቶ በማለስለሻ ሲታለፍ የደበዘዘ መልክ ይሰጣል። በፕሌይስቴሽን ግን 256 በ256 ፒክስል የሆነ ባለ 16 ቀለም ቴክስቸር በ32 ኪሎባይት ይቀመጣል፤ ይጣመማል እንጂ ዝርዝሩ አይጠፋም። የጌሙ ማከማቻ ልዩነትም በዚህ ላይ ይጨመራል፤ የኒንቴንዶ ካርትሪጅ ቢበዛ 64 ሜጋባይት ሲይዝ ሲዲ ግን ወደ 650 ሜጋባይት ይይዛል።

ሁለቱን ሳወዳድር የሶኒ መሐንዲሶች ዘመናቸውን በትክክል አንብበዋል እላለሁ። በ1994 ራም ውድ ነበር፣ የቤት ቴሌቪዥኑ ምስሉን ራሱ ያደበዝዘው ስለነበር ብዙው ጉድለት ሳይታይ ያልፍ ነበር፤ ከሁሉም በላይ ፕሮግራመሩ ሊያርመው የሚችለውን ጉድለት መርጠው ተዉ። ፕሌይስቴሽን ላይ መጣመሙን በመከፋፈል መቀነስ ይቻላል፤ ኒንቴንዶ 64 ላይ ግን የ4 ኪሎባይቱን ወሰን ለማለፍ የነበረው አማራጭ በጣም ጠባብ ነው።

የራም ዋጋ ሲወርድና በአንድ ቺፕ ላይ የሚያርፈው ሰርኪዩት ሲበዛ ምርጫው ራሱ ቀረ። በመጋቢት 2000 የወጣው ፕሌይስቴሽን 2 በግራፊክስ ቺፑ ውስጥ 4 ሜጋባይት ራም ይዞ መጣ፤ ራሙ እዚያው ቺፑ ላይ በመሆኑ በሰከንድ 48 ጊጋባይት ያስተናግዳል፤ የዜድ በፈር ትራፊክ ከዚያ በኋላ አሳሳቢ አልሆነም። ለጂፒዩው የሚላከው መልእክትም ተለወጠ፤ ለእያንዳንዱ ጫፍ የጥልቀት ቁጥር የሚጻፍበትና ለቴክስቸር ማካፈያ የሚሆን ሌላ ቁጥር የሚጻፍበት ቦታ ተጨመረለት።

የድሮዎቹን ጌሞች ዛሬ በኢሙሌተር፣ ማለትም የድሮውን ማሽን አሠራር በኮምፒውተር ላይ በሚያስመስል ፕሮግራም፣ የሚጫወት ሰው ደግሞ ሊገርመው የሚችል ነገር ይገጥመዋል። የምስሉን መጠን ሲያሳድግ መንቀጥቀጡ ይበልጥ ይታያል። ጠርዞቹ ጥርት ብለው እየተሣሉ ጫፎቹ ግን አሁንም በድሮው ሙሉ ፒክስል እየዘለሉ ስለሚሄዱ አንድ የድሮ ዝላይ በአዲሱ ስክሪን ላይ ስምንት ወይም አሥር ፒክስል ይሆናል። ይህን ለማረም ፒጂኤክስፒ የሚባል ዘዴ ተፈጥሯል። ኢሙሌተሩ ጂቲኢ የሚያሰላውን ቁጥር ከነክፍልፋዩና ከነጥልቀቱ በጎን ይይዘዋል፤ ጌሙ የተቆረጠውን ቁጥር ከመዝገብ ወደ ራም፣ ከራም ወደ ጂፒዩ ትእዛዝ ሲያንቀሳቅስ ኢሙሌተሩ የት እንደደረሰ ይከታተላል፤ በመጨረሻም በሚሣልበት ጊዜ በተቆረጠው ቦታ ሙሉውን ይተካል። ጥልቀቱ ስለተገኘ ቴክስቸሩም በትክክል ይካፈላል። ዘዴው የሚሰናከለው ጌሙ የጫፉን ቦታ ከጂቲኢ ወስዶ በራሱ ሒሳብ ከለወጠው ነው፤ ያን ጊዜ ክትትሉ ይቋረጥና ያ ሦስት ማዕዘን ወደ ሙሉ ቁጥሩ ይመለሳል፣ ከታረመው ጎረቤቱ ጋርም ቀጭን ስንጥቅ ይፈጥራል። ስለዚህ ምርጫው ለሁሉም ጌሞች በአንድ ጊዜ የሚከፈት ሳይሆን ጌም በጌም እየተሞከረ የሚስተካከል ነው፤ ፕሮሰሰሩ የሚሠራቸውን ስሌቶች ጭምር የሚከታተለው አማራጭም ጌሙን ስለሚያዘገይ አስፈላጊ ሆኖ በተገኘበት ጌም ላይ ብቻ ቢበራ ይሻላል።